ያረጀ የስፖርት መኪና ተርቦ በአነስተኛ ወጪ ስለ መተካት፦ የኮልፌ 18 ማዞሪያ ገጠመኝ

(ለተማሪዎችና ለመምህራን ክፍት በነበረ ሕዝባዊ ገለጻ ላይ በቃል የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በጥቂቱ የተስተካከለ።)



የዚህ ገለጻ ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በወጣ ማግስት አንድ ባልደረባዬ፣ «የስፖርት መኪና የምትለው ያቺን ግቢህ ውስጥ ሸራ ለብሳ የቆመችውን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። አዎን፣ እርሷኑ ነው። በ1987 እ.ኤ.አ. የተሠራች፣ ሁለት ሊትር ሞተርና ተርቦ ያላት ሳብ 900 ናት። ከአገር ሊወጣ ከተዘጋጀ ሰው በርካሽ ገዛኋት። ርካሽነቷ ግን እስከ ግዢው ውል ድረስ ብቻ ነበር፤ ሠሪዋ የስዊድን ኩባንያ በ2011 እ.ኤ.አ. ከስሯልና መለዋወጫዋን የሚያውቅ ነጋዴ ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ነገሩ የአንድ መምህር የትርፍ ጊዜ መዝናኛ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ መድረክ ጊዜያችሁን አልወስድም ነበር። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪኖችን ወደ አገር ማስገባት እጅግ ውድ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። እንግዲህ በእጃችን ያለው አሮጌ መኪና ሊተካ የማይችል ንብረት ሆኗል፤ መለዋወጫውም የሚገዛው በዶላር ነው። የእኔ ሳብ ብቻዋን አይደለችም። በ18 ማዞሪያ የሚያልፈው አባዱላም ሆነ ጭነት የጫነው አይሱዙ ተርቦ ካለው፣ ዛሬ የምናገረው ሁሉ ጥቂት ቁጥሮች ተቀይረው ለእርሱም ይሠራል።

ተርቦ ምን እንደሚሠራ ለማስታወስ ያህል፦ ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጭስ የተርባይን መንኮራኩርን ያሽከረክራል፤ ከእርሱ ጋር በአንድ ዘንግ የታሰረው የኮምፕረሰር መንኮራኩር ደግሞ ንጹሕ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ ይልካል። ብዙ አየር ሲገባ ብዙ ነዳጅ ማቃጠል ይቻላል። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡሂ ለዚህ ሐሳብ የፈጠራ መብት ያገኘው በ1905 እ.ኤ.አ. ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚማርከኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በ1918 እ.ኤ.አ. በጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ሳንፎርድ ሞስ የአውሮፕላን ሞተር በጭነት መኪና ላይ አስሮ ኮሎራዶ ውስጥ ወደሚገኘው ፓይክስ ፒክ ተራራ ጫፍ ወጣ። ቦታው 4,300 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው፤ ከራስ ዳሸን ጥቂት ቢያንስ ነው። በባሕር ጠለል ላይ 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር በዚያ አናት ላይ ወደ 230 ወረደ። ተርቦ ሲገጠምለት የቀድሞ ጉልበቱን መለሰ። ተርቦ ስሙን ያስመሰከረው በሩጫ ሜዳ ሳይሆን በተራራ ላይ፣ ለቀጭን አየር መድኃኒት ሆኖ ነበር ማለት ነው።

እኛም በተራራ ላይ ነን። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በባሕር ጠለል 101 ኪሎፓስካል የሆነው የአየር ግፊት እዚህ ወደ 76 ዝቅ ይላል፤ ተርቦ የሌለው ሞተር ከሚገባው አየር ሩብ ያህሉን አጥቶ ይሠራል። ተርቦ ያለው መኪና ይህን ያካክሳል እንላለን። ማካካሻው ግን በነጻ አይገኝም። እባካችሁ ይህችን ስሌት ከእኔ ጋር ተከተሉ።

ተርቦው ከከባቢው አየር በላይ 0.7 ባር እንዲጨምር ተደርጎ ተስተካክሏል እንበል። በባሕር ጠለል ላይ ይህ ማለት 1.01 የነበረውን ወደ 1.71 ማድረስ ነው፤ የግፊቱ ጥምርታ 1.69 ይሆናል። እዚህ አዲስ አበባ ያው 0.7 ባር ሲጨመር፣ 0.76 የነበረው 1.46 ይሆናል፤ ጥምርታው 1.92 ደረሰ። አስተውሉ፤ ማንም ምንም ሳይነካ፣ ማስተንፈሻው ወይም ዌስትጌት የምንለው መቆጣጠሪያ እንደ ቀድሞው እየሠራ፣ ተርቦው ከሜዳው አገር ይልቅ በፍጥነት መሽከርከር ግድ ሆኖበታል። አሁን ደግሞ አንድ ሰው፣ «መኪናዬ ጉልበት አንሷታል» ብሎ የዌስትጌቱን ዘንግ አጥብቆ ያን የባሕር ጠለል 1.71 እዚህ ለማግኘት ቢሞክር ጥምርታው 2.25 ይገባል። የአየሩን ሙቀት 20 ዲግሪ፣ የኮምፕረሰሩን ብቃት 70 በመቶ ብንወስድ፣ ከኮምፕረሰሩ የሚወጣው አየር በመጀመሪያው ሁኔታ ወደ 90 ዲግሪ፣ በመጨረሻው ወደ 130 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሞቃል። ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል፤ ለዚያ ዘንግ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ያ አንድ ሰው እኔ ነበርኩ። ይህን ስሌት ክፍል ውስጥ የማስተምረው ሰውዬ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቁልፍ ይዤ ዘንጉን ሦስት ዙር አጥብቄዋለሁ። መኪናዋ ለሁለት ወር እንደ ወጣት ፈረስ ሮጠች።

ከዚያ ሰማያዊ ጭስ መጣ። ቀጥሎ የሚያፏጭ ድምፅ፤ ቀጥሎ ጉልበት ጠፋ። አንድ ጋራዥ ወሰድኳት፤ «ተርቦው አልቋል፣ ይቀየር» ተባልኩ። ለልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ ያስቀመጥኩትን ገንዘብ አውጥቼ ያገለገለ ተርቦ ተገዛ፣ ተገጠመ። አሥራ አንድ ቀን ሠራ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ያው ጭስ፣ ያው ፉጨት። የገጠመው ሰው የሰጠኝ ምክንያት፣ «ዕቃው ፎርጅድ ነው» የሚል ነበር። ልጄ ያን ሴሚስተር ክፍያው ዘግይቶባት የፈተና ውጤቷ ተያዘባት፤ ይህን የምነግራችሁ ስለ ተርቦ ስንነጋገር ስለ ብረት ብቻ እንደማንነጋገር እንድታውቁት ነው።

ከ18 ማዞሪያ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ከቤቴ በእግር አሥር ደቂቃ በማይሞላ ርቀት፣ አንድ አዛውንት መካኒክ በቆርቆሮ ዳስ ሥር ይሠራሉ። ትምህርታቸውን ያገኙት ከልጅነታቸው ጀምሮ በጋራዥ ነው። ንግግራቸው ጣሊያን ትቶልን በሄደው ቃል የተሞላ ነው፤ ኩሽኔታ፣ ዳዶ፣ ፊልትሮ፣ ማርሚታ። (እኛ በዩኒቨርሲቲ ለእነዚህ ሁሉ የአማርኛ ቃል ልናወጣ ስንሰበሰብ ጋራዡ ከሰማንያ ዓመት በፊት ሥራውን ጨርሶ ነበር።) ሁለተኛውን ተርቦ ፈትተው ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ፣ «መምህር፣ ይሄ አልሞተም፤ ተገደለ እንጂ። ገዳዩን ሳያገኙ ሌላ ቢገዙ ሌላ ሬሳ ነው የሚገዙት» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ገዳዩ ማን ነው?» አልኳቸው።

መልስ አልሰጡኝም። ዘይት ወደ ተርቦው የሚያመጣውን ቀጭን ቱቦ ፈትተው በአንደኛው ጫፍ በአፋቸው ነፉበት። በሌላኛው ጫፍ እጄን አስቀምጬ ነበር፤ ትንፋሹ ሊሰማኝ አልቻለም። ቱቦውን በመጋዝ ለሁለት ሲሰነጥቁት ውስጡ በጥቁር ጠንካራ ከሰል ተሸፍኗል፤ የቀረችው ቀዳዳ ቢበዛ የክብሪት እንጨት ታሳልፋለች። ከዚያም በተርቦው የዘይት መግቢያ አፍ ላይ ቀይ የሲሊኮን ማጣበቂያ ክር ተንጠልጥሎ አሳዩኝ። ጋስኬት በመቀየር ፋንታ ሲሊኮን ተቀብቶ ነበር፤ ሲጠብቅ ወደ ውስጥ ተጨምቆ፣ ተቆርጦ፣ የቀረችውን ቀዳዳ ዘጋ።

ነገሩ ለምን ይህን ያህል ከባድ እንደሆነ ላስረዳ። በተርቦው መካከል ያለው ዘንግ የሚያርፍበት ኩሽኔታ ኳስ ያለው ዓይነት አይደለም፤ በዘይት ላይ የሚንሳፈፍ የነሐስ ቀለበት ነው። ዘንጉና ቀለበቱ በትክክል ሲሠሩ አይነካኩም፤ በመካከላቸው ያለው የዘይት ስስ ሽፋን የሚለካው በመቶኛ ሚሊሜትር ነው። ዘይቱ ለጥቂት ሰከንዶች ቢቋረጥ ብረት ብረትን ይበላል። ዘይቱ ቆሻሻ ከሆነ ደግሞ በቀስታ፣ እንደ ወፍጮ ይፈጫል። ከሰሉስ ከየት መጣ? እርሱም ከእኔ ነው። ዳገት ወጥቼ ቤቴ እንደ ደረስኩ ወዲያውኑ ሞተር አጠፋ ነበር። የተርባይኑ ቀፎ በዚያ ሰዓት በጋለ ብረት ደረጃ ላይ ነው፤ ሞተሩ ሲጠፋ የዘይቱ ፍሰት ይቆማል፤ የቆመው ዘይት በቱቦውና በኩሽኔታው ውስጥ ተጠብሶ ከሰል ይሆናል። አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ሞተሩን ሳይጫኑ አሠርቶ ማጥፋት ይህን ያስቀራል። ወጪው ጥቂት ጠብታ ቤንዚን ነው።

ስለዚህ ተርቦ ከመግዛታችን በፊት የምናደርገው ምርመራ ከዕቃው ዋጋ ይበልጣል። ሰማያዊ ጭስ ሁልጊዜ ተርቦው አልቋል ማለት አይደለም። ዘይት ከተርቦው ወደ ሞተሩ የሚመለስበት ወፍራም ቱቦ ከተዘጋ ወይም ከታጠፈ፣ ወይም የሞተሩ መተንፈሻ ታፍኖ በካርተሩ ውስጥ ግፊት ከተጠራቀመ፣ ዘይቱ መውጫ አጥቶ በጤነኛው ተርቦ ማኅተም በኩል ያመልጣል፤ በማኒፎልድ ገብቶ ይቃጠላል። እንዲህ ባለ ሁኔታ የተጣለ ጤነኛ ተርቦ ስንት እንደሆነ ባሰብኩ ቁጥር አዝናለሁ።

የዘንጉንም ልልነት በአግባቡ መፈተሽ ያስፈልጋል። ተማሪዎቼ ዘንጉን ይዘው ወደ ጎን ሲነቀንቁት ጥቂት ሲላወስ ባዩ ጊዜ «አልቋል» ይላሉ። ዘይት በሌለበት ያ ጥቂት እንቅስቃሴ ተፈጥሯዊ ነው፤ በሥራ ጊዜ ዘይቱ ይሞላዋል። የሚያሳስበው መንኮራኩሩ የቀፎውን ግድግዳ የሚነካ ከሆነ ነው። ወደፊትና ወደኋላ ያለው እንቅስቃሴ ግን ሌላ ነው፤ በጣት የሚሰማ ከሆነ፣ በመለኪያ ከአንድ አሥረኛ ሚሊሜትር ካለፈ፣ የግፊት ኩሽኔታው አልቋል። የእኔው ሁለቱንም ፈተና ወድቆ ነበር።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። በፊቴ ሦስት መንገዶች ነበሩ። ሙሉ አዲስ ተርቦ ከውጭ ማስመጣት አንዱ ሲሆን፣ ዋጋው ከብዙ ወራት ደመወዜ በላይ ነበርና በፍጥነት እናልፈዋለን። ሁለተኛው መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ነው። እዚያ የተፈታ መኪና ሥጋና አጥንቱ ተለይቶ ይሸጣል፤ ዓይን ላለው ሰው ሀብት ነው፤ ዓይን ለሌለው አሥራ አንድ ቀን ነው። ከዚያ የሚገዛ ሰው ተርቦውን በእጁ ያሽከርክረው፤ ያለ መንተክተክ መዞር አለበት። የመንኮራኩሮቹን ምላጮች አንድ በአንድ ያያል፤ ጫፉ የታጠፈ ወይም የተበላ ምላጭ ካለ ጥሎት ይሄዳል። በአየር መውጫው ውስጥ ኩሬ የሠራ ዘይት መኖሩን በጣቱ ያጣራል። በተርባይኑ ቀፎ ውስጥ፣ በዌስትጌቱ ቀዳዳ ዙሪያ ጥቃቅን ስንጥቅ ብዙ ጊዜ አለ፤ ወደ ውጭ ካልዘለቀ አያስደነግጥም። ደረሰኝም ይጠይቃል፤ ምክንያቱን ለእናንተ መዘርዘር አያሻኝም።

እኔ የመረጥኩት ሦስተኛውን ነው። ተርቦ ሦስት አካል አለው፦ የተርባይኑ ቀፎ፣ የኮምፕረሰሩ ቀፎ፣ በመካከላቸው ደግሞ ዘንጉን፣ ሁለቱን መንኮራኩሮችና ኩሽኔታዎችን የያዘው እምብርት፤ ነጋዴዎች ካርትሪጅ ይሉታል። ሁለቱ ቀፎዎች ወፍራም ብረትና አሉሚኒየም ናቸው፤ በአብዛኛው አያልቁም። የሚያልቀው እምብርቱ ነው። የእኔ መኪና ጋሬት ቲ3 የሚባለውን ተርቦ ነው የምትጠቀመው። ይህ ዓይነት በቮልቮ 240 ተርቦ፣ በመጀመሪያዎቹ ኒሳን 300ዜድኤክስ፣ በፎርድ ሲዬራ ኮስዎርዝ ላይም ነበር። መኪናዬ ብርቅ ብትሆንም ተርቦዋ ብርቅ አይደለም፤ ስለዚህም እምብርቱ እስከ ዛሬ በብዙ አምራቾች ይሠራል፤ ዋጋውም ከሙሉው ተርቦ እጅግ ያነሰ ነው። ሦስት ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ከውጭ በሚመጣ ወዳጅ ሻንጣ ከሕፃናት ልብስና ከቫይታሚን መካከል ተጠቅልሎ ገባ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቲ3 የተባለ ሁሉ አንድ አይደለም፤ የመንኮራኩሮቹ መጠንና የምላጮቹ ቅርጽ ከመኪና መኪና ይለያል። በኮምፕረሰሩ ቀፎ ላይ በትንሽ ሳህን የተጻፈውን ቁጥር ሳትገለብጡ፣ የሁለቱንም መንኮራኩሮች ዲያሜትር በካሊፐር ሳትለኩ ትእዛዝ አትስጡ።

«ለምን ኩሽኔታውን ብቻ ገዝቶ እዚሁ ማደስ አይቻልም?» የሚል ጥያቄ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። የጥገና ኪት በእርግጥ አለ፤ ከካርትሪጁም ይረክሳል። ዘንጉ ካልተጫረ፣ መንኮራኩሮቹም ካልተነኩ ጥሩ ምርጫ ነው። ዘንጉ ከተበላ ወይም መንኮራኩር ከተቀየረ ግን የሚዛን ጥያቄ ይነሣል። ከመሃል 25 ሚሊሜትር ርቆ የአንድ አሥረኛ ግራም ብልጫ አለ እንበል። በደቂቃ 100,000 ዙር ሲሽከረከር ያ ብልጫ ዘንጉን በ274 ኒውተን ኃይል ይጎትተዋል፤ 28 ኪሎ ግራም የሚመዝን ዕቃ እንደማንጠልጠል ነው፤ ያውም አቅጣጫውን በሰከንድ ከ1,600 ጊዜ በላይ እየቀያየረ። በሠፈሬ ያሉ ቶርኖ ቤቶች የሚያስደንቅ ሥራ ይሠራሉ፤ ይህ ግን የእነርሱ ሥራ አይደለም። ካርትሪጅ ተሰብስቦና ሚዛኑ ተስተካክሎ ይመጣል፤ የምንከፍለው ለዚያ ነው።

መፍታቱ ሁለት ቀን ፈጀ፤ ይህም በፈቃዳችን ነው። የጭስ ማኒፎልዱን ብሎኖች አዛውንቱ ዋዜማውን በዝገት መፍቻ ዘይት አራሷቸው፣ በማግስቱ ሞተሩን አሙቀው ደገሙት። የአንዲት ብሎን አንገት ቢቀነጠስ ማኒፎልዱ ወርዶ በድሪል ሊወጣ ነው፤ ያ ወጪ የካርትሪጁን ሊያህል ይችላል። ቀፎዎቹን ከእምብርቱ ከመለየታቸው በፊት በሦስቱም ላይ በፑንቶ ምልክት አኖሩ፤ ሲገጠም አንዱ በጥቂት ዲግሪ ቢዞር የዘይቱ መመለሻ ቁልቁል መሆኑ ቀርቶ ይዘምማል።

ከዚያ ያሳዩኝን አንድ ነገር አልረሳም። ኢንተርኩለሩን አውርደው በቤንዚን አጥበው በነጭ ጨርቅ ላይ ደፉት። ከቆሻሻው ዘይት ጋር ጥፍር የሚያህሉ ሁለት የአሉሚኒየም ስባሪዎች ወጡ፤ ከመጀመሪያው ተርቦ ምላጭ የተቆረጡ ናቸው። ባይታጠብ ኖሮ አንድ ቀን ወደ ሞተሩ ይገቡ ነበር፤ ያኔ የምናወራው ስለ ተርቦ ሳይሆን ስለ ፒስተን ነው። የቀድሞው ጋራዥ ይህን አልከፈተም ነበር።

የዘይት ማምጫ ቱቦ አዲስ ገዛን፤ የተከሰለ ቱቦ ታጥቦ አይጸዳም። መመለሻው ታጠበ። የመዳብ ዋሸሮች ሁሉ ተቀየሩ፤ ሲሊኮን ወደ ዳሱም አልገባ። የሞተሩ ዘይትና ፊልትሮ ተለወጡ። አዛውንቱ በተርቦው የዘይት አፍ ንጹሕ ዘይት በሲሪንጅ ሞልተው መንኮራኩሩን በጣታቸው ብዙ ጊዜ አዞሩት። በመጨረሻ የካንዴላውን ኤሌክትሪክ አቋርጠው በሞቶሪኖው ብቻ አሽከረከሩ፤ የዘይት ግፊት መብራቱ እስኪጠፋ ድረስ። ከዚያ በኋላ ነው እሳት የተሰጣት። አምስት ደቂቃ ሳትጫን ሠራች። እኔ ጭሱን እመለከት ነበር፤ እርሳቸው ግን ወደ ጭሱ አላዩም፤ በዘይት መመለሻው ማያያዣ ላይ ጣታቸውን አድርገው ሙቀቱን ይከታተሉ ነበር። ሲሞቅ ራሳቸውን ነቀነቁ።

የዌስትጌቱ ዘንግ ወደ ፋብሪካ ልኩ ተመለሰ። አዎን፣ መኪናዋ አሁን ከዚያ ሁለት ወር ያነሰ ጉልበት አላት። አጠቃላይ ወጪው፣ የአዛውንቱን የእጅ ዋጋ ጨምሮ፣ በመጀመሪያው ጥገና ካወጣሁት ግማሽ ያህል ሆነ። ይህ ከተጻፈልኝ ደረሰኞች የወጣ እንጂ ግምት አይደለም። ከዚያ ወዲህ ዘይቱን ሦስት ጊዜ ቀይሬያለሁ፤ በእያንዳንዱ ጊዜ የኮምፕረሰሩን ቱቦ አውልቄ ዘንጉን በጣቴ ገፋ አደርገዋለሁ፤ እስከ አሁን ወደፊትም ወደኋላም አይልም።

አሥራ አንድ ቀን የሠራውን ተርቦ ዘንግና ለሁለት የተሰነጠቀውን የዘይት ቱቦ እዚህ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫቸዋለሁ። ወደ ጥያቄ ከመግባታችን በፊት ቀረብ ብላችሁ እዩአቸው፤ በዘንጉ ላይ ያለውን ሰማያዊ ቀለም በተለይ ልብ በሉት፤ ብረቱ ምን ያህል ሙቀት እንዳየ ከእርሱ ማንበብ ይቻላል። እባካችሁ ጓንቱን አድርጉ፤ ከሰሉ ከእጅ አይለቅም።